ለጥየቃ መጥተው ወደሚኖሩበት አገር ስለሚመለሱ ሰዎች ፓስፖርት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ በሌላ አገር የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ዘመድ ለመጠየቅ ወዳገራቸው መጥተው ሲመለሱ፥ ፓስፖርታቸው ምን ያህል ጊዜ የቀረው መሆን እንዳለበት መግለጽ ነው። ነገሩ የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ ቢመስልም፥ በቢቸናና በሞጣ በኩል ግን ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እኛም መጀመሪያ ሕዝቡ የሚለውን ሰማን፤ ቀጥሎም የየአገሩን ደንብ አየን። ሁለቱ የማይገናኙበት ቦታ ብዙ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቋሚ ነዋሪ ስንል፥ ዜግነቱን ሳይለውጥ በሌላ አገር ያለ ጊዜ ገደብ እንዲኖርና እንዲሠራ የተፈቀደለትን ሰው ማለታችን ነው። በቢቸና ከተማ ግን ከውጭ የመጣ ሁሉ በጅምላ «ዲያስፖራ» ይባላል። በዚህ ባንድ ቃል ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የአሜሪካ ግሪን ካርድ የያዘ ነው፤ ሁለተኛው ዜግነቱን ለውጦ በአሜሪካ ፓስፖርት የሚመጣ ነው፤ ሦስተኛው በጥገኝነት የተቀበሉት ነው፤ አራተኛዋ በሥራ ውል ወደ ዐረብ አገር የሄደች ሠራተኛ ናት። ደንቡ ለአራቱም ለየብቻ ነው። ያንዱን ደንብ ለሌላው ሲነግሩት ነው ጉዳቱ የሚመጣው።

ከእነማይ ወረዳ የሆኑ አንድ ቤተ ሰብ እንዳጫወቱን፥ በአሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው አባቱ ሲሞቱ ለቀብራቸው ይቅርና ለአርባቸው እንኳ ሳይደርስ ቀርቷል። ምክንያቱ ገንዘብ ማጣት አልነበረም። የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ሊያበቃ አራት ወር ቀርቶት ነበርና፥ «ከስድስት ወር በታች ከቀረው ከሄድህ አትመለስም» ብለው ጓደኞቹ ስላስፈራሩት ነው። ግሪን ካርዱ ግን ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ነበር። እናቱ እስካሁን ድረስ «ልጄን ወረቀት ከለከለብኝ» ይላሉ። ወረቀቱ በእርግጥ ከልክሎት ነበርን? ይህን ለመመለስ የስድስት ወሩ ደንብ ከወዴት እንደ መጣ ማየት ያስፈልጋል።

የዛሬው ፓስፖርት መልኩን ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1913 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር አስተባባሪነት በፓሪስ በተደረገው ጉባኤ፥ አገሮች ሁሉ ባለ 32 ገጽ አንድ ዓይነት ደብተር እንዲጠቀሙ ሐሳብ ቀረበ። ፓስፖርት ከሁሉ አስቀድሞ፥ ባለቤቱን የሰጠው መንግሥት መልሶ እንደሚቀበለው የሚገልጽ የዋስትና ወረቀት ነው። እንግዳ የሚቀበል አገር የሚሠጋውም በዚህ ነው፤ እንግዳው ቢታመም፥ ቢዘገይ፥ ወይም አልወጣም ቢል፥ ፓስፖርቱ ካበቃ በምን ወረቀት ይመልሰዋል? ስለዚህ ብዙ አገሮች፥ እንግዳው ሊቆይ ካሰበው ጊዜ አልፎ ተጨማሪ ወራት የሚያገለግል ፓስፖርት እንዲይዝ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ሕግ ለጉብኝት፥ ለትምህርት ወይም ለጊዜያዊ ሥራ ከሚገባ ሰው ስድስት ወር ትርፍ ይጠይቃል፤ ከብዙ አገሮች ጋር በተደረገ ስምምነት ግን ይህን ያቀለለበት ጊዜ አለ። የአውሮፓ የሸንገን አገሮች ደግሞ ለአጭር ጉብኝት ከሚመጣ ሰው፥ ከመውጫው ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ስድስት ወር የሚባለው ደንብ በእርግጥ አለ፤ የወጣው ግን ለእንግዳ ነው። ቋሚ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ወደ ቤቱ፥ ወደ ሥራው ነው የሚመለሰው። የአሜሪካ ሕግ ከሚመለስ ቋሚ ነዋሪ ዘንድ በመግቢያው የሚፈልገው ዋና ሰነድ ጊዜው ያላለፈ ግሪን ካርድ ነው፤ ፓስፖርት እንዲያሳይ እንኳ አያስገድደውም። የስድስት ወሩም ትርፍ እሱን አይመለከተውም።

ይህን ሰምቶ ደግሞ «ፓስፖርት ምን ያደርግልኛል» ብሎ ጊዜው ባለፈበት ደብተር የሚነሣ ሰው ሌላ ስሕተት ላይ ይወድቃል። ተመላሹ የሚያልፈው አንድ በር ብቻ አይደለምና ነው። በመጀመሪያ የአየር መንገዱ ጸሐፊ አለ፤ ቀጥሎ የቦሌ ኢሚግሬሽን አለ፤ በመጨረሻ የሚመለስበት አገር ኢሚግሬሽን አለ። ብዙ ጊዜ በመካከሉም አይሮፕላን የሚለወጥበት ሌላ አገር ይገባል። እያንዳንዱ የሚያየው ወረቀት ይለያያል።

የቦሌው በር የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ሕግ ነው። በኢሚግሬሽን ዐዋጅ ቁጥር 354/1995 መሠረት ካገር የሚወጣ ሰው የጸና የጉዞ ሰነድ ሊኖረው ይገባል። የጸና ማለት በዚያ ቀን የሚያገለግል ማለት ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለሚወጣ ሰው ግሪን ካርድ የፓስፖርትን ቦታ አይተካም፤ ካርዱ የመግቢያ ፈቃድ እንጂ ኢትዮጵያ የሰጠችው የጉዞ ሰነድ አይደለምና።

አብዛኛው ሰው የሚፈራው ኢሚግሬሽንን ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከብደው የአየር መንገዱ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው ሕግ አውጪም ዳኛም አይደለም። ነገር ግን በ1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከተፈረመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ጀምሮ በተዘረጋው ሥርዓት፥ በቂ ሰነድ የሌለው ተሳፋሪ ይዞ የሄደ አየር መንገድ ሰውየውን መልሶ የማጓጓዝ ኃላፊነት አለበት። አሜሪካን የመሰሉ አገሮች ከዚህ በላይ የገንዘብ ቅጣት ይጥሉበታል። ስለዚህ ጸሐፊው ተሳፋሪውን ከመሳፈሩ በፊት ይመረምራል። የሚመራውም «ቲማቲክ» በሚባለው፥ የየአገሩን የፓስፖርትና የቪዛ ደንብ በሚሰበስብ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ውስጥ ተሳፋሪው ጎብኚ ነው ወይስ ነዋሪ የሚለው ጥያቄ መልሱን ይለውጠዋል። ተመላሹ ፓስፖርቱን ብቻ ሰጥቶ ዝም ካለ፥ ጸሐፊው እንደ ጎብኚ ቆጥሮ ስድስት ወር ቢጠይቀው አያስደንቅም። ግሪን ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ማቅረብ፥ ክርክርም ቢነሣ «የቋሚ ነዋሪ ደንብ ይታይልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በመንገድ ላይ አይሮፕላን የሚለውጥ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። ኢትዮጵያ፥ ዜጎቻቸው በሸንገን አገሮች ያይሮፕላን ጣቢያ ውስጥ ለማለፍ እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁባቸው አገሮች አንዷ ናት። የጸና ግሪን ካርድ ወይም የካናዳ የቋሚ ነዋሪ ካርድ የያዘ ሰው ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። እዚህ ላይ «የጸና» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በቀጥታ በረራ ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችል የካርድ ጉድለት፥ በፍራንክፈርት በኩል ለሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚያስቀር ሊሆን ይችላል።

ወደ መጨረሻው በር ስንመጣ፥ ጥያቄው ከፓስፖርት ወደ ሌላ ነገር ይዞራል። የአሜሪካው ሹም የሚጠይቀው «ፓስፖርትህ ስንት ወር ቀረው» ሳይሆን «ስንት ጊዜ ቆየህ» ብሎ ነው። ሰዎቻችን ከስድስት ወሩ የፓስፖርት ደንብ ጋር እያቀላቀሉ የሚያወሩትም ሌላ ስድስት ወር ይህ ይመስለናል። ከ180 ቀን በላይ ያለማቋረጥ ውጭ የቆየ ቋሚ ነዋሪ፥ ሲመለስ እንደ አዲስ መግባትን እንደሚጠይቅ ሰው ሊመረመር ይችላል፤ በኋላም ዜግነት ሲጠይቅ የኑሮው ተከታታይነት እንደ ተቋረጠ ይገመትበታል። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ካርዱ ራሱ፥ ጊዜው ባያልፍም፥ ለመግቢያ አያገለግለውም። ከዓመት በታች የቆየም ቢሆን፥ ቤቱን ለቆ፥ ሥራውን ትቶ ከሄደ ነዋሪነቱን እንደ ተወ ሊቆጠርበት ይችላል።

ረጅም ጊዜ ለመቆየት የሚያስብ ሰው፥ ለምሳሌ የታመመች እናቱን ሊያስታምም የሚመጣ፥ ከመነሣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ የሚባል ደብተር ሊጠይቅ ይችላል። ደብተሩ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ማመልከቻው የሚቀርበው ግን ሰውየው በአሜሪካ ምድር ሳለ ነው፤ ቢቸና ከደረሱ በኋላ ማሰብ አይረዳም። ፈቃዱን ሳይዝ ዓመቱ ያለፈበት ሰው በአዲስ አበባው የአሜሪካ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚያም ሲነሣ የመመለስ ሐሳብ እንደ ነበረውና የዘገየው ከዐቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ግዴታው ነው።

ከዐቅም በላይ የሆነ ምክንያት ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ባዶ ቃል አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት ድረስም ጸንቶ ቆየ። በግጭቱ ምክንያት መንገድ እየተዘጋ፥ የኢንተርኔት አገልግሎት እየተቋረጠ፥ ከቢቸና ተነሥቶ በደጀን በኩል የዓባይን በረሓ አቋርጦ አዲስ አበባ መግባት የማይቻልባቸው ቀናት ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ሰው፥ ያጋጠመውን የሚያስረዳ ማንኛውንም ወረቀት፥ የተለወጠውን የአይሮፕላን ቲኬት፥ የሐኪም ማስረጃ፥ ወዲያም የሚጠብቀውን የቤት ኪራይ ውልና የአሠሪውን ደብዳቤ ማስቀመጥ አለበት። ሹሙ የጎጃምን መንገድ አያውቅምና፥ የሚያሳምነው ወረቀት ነው።

ካርዱ የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው ነዋሪነቱ አልጠፋበትም። ከዓመት በታች የቆየ ከሆነ፥ በኤምባሲው ራሱ ቀርቦ፥ ክፍያ ከፍሎ፥ ላንድ ጉዞ መሳፈሪያ የሚሆን ወረቀት በፓስፖርቱ ላይ ሊለጠፍለት ይችላል። ፓስፖርት የሌለው ግን ይህ ወረቀት በምኑ ላይ ይለጠፍለታል? ካርዱንና ፓስፖርቱን ባንድ ቦርሳ የሚይዝ ሰው ሁለቱንም ባንድ ቀን ያጣልና፥ የሁለቱንም ፎቶ ኮፒ እቤት ማስቀመጥ መልካም ነው።

ስለ ፓስፖርቱ እድሳት ያየነውን ባጭሩ እንግለጽ። በውጭ የሚኖር ሰው በዚያው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማሳደስ ይችላል፤ አገር ቤት ያለ ደግሞ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በፓስፖርት እጥረት ምክንያት ብዙ አመልካቾች ለረጅም ጊዜ መጠበቃቸው የታወቀ ነው። አንድ ወር ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ አሳድሳለሁ ብሎ ባይተማመን ይሻለዋል። ቀን ሳለለት፥ ከመነሣቱ በፊት እዚያው ቢያሳድስ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ካልሆነለት ግን በጉዞው ሁሉ የሚያገለግል ፓስፖርት ይበቃዋል። ከላይ ያነሣነው የእነማዩ ልጅ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለመመለስ አራት ወር የቀረው ፓስፖርትና የጸና ካርድ ነበረው። ለአባቱ አርባ መድረስ ይችል ነበር ማለት ነው።

አዲስ ፓስፖርት ሲወጣ የሚነሣ አንድ ችግር አለ፤ እሱም የስም አጻጻፍ ነው። በፊደላችን ፀሐይ ብለን የጻፍነውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም ነው ያለን። በአሜሪካ ግን አንዱ የአባቱን፥ ሌላው የአያቱን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም አስመዝግቧል፤ ያገባች ሴትም አንዳንድ ጊዜ በካርዷ ላይ የባሏን ስም ትይዛለች፥ በኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ላይ ግን የአባቷ ስም ነው ያለው። ጸሐፊው ሁለቱን ሲያስተያይ አንድ ሰው መሆናቸውን ይጠራጠራል። እንዲህ ላለችው ሴት የጋብቻ የምስክር ወረቀቷን ይዛ መጓዝ ከብዙ ጭንቀት ያድናታል።

የቀን ንባብም ሰው ያሳስታል። ግሪን ካርድ ቀንን የሚጽፈው ወሩን አስቀድሞ በቁጥር ነው። በካርዱ ላይ 05/09/27 የሚል ቢገኝ፥ በፈረንጆች ሜይ 9 ቀን 2027 ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል። ቀኑን አስቀድሞ ማንበብ የለመደ ያገራችን ሰው ግን ሴፕቴምበር 5፥ ማለትም ነሐሴ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል። አራት ወር ገደማ በባዶ ተጨመረለት ማለት ነው! ወደ ዓመተ ምሕረት የሚቀይር ሰውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ብቻ ሳይሆን ወሩንም ማየት አለበት።

ከአሜሪካ ውጭ ያሉትን አገሮች በዝርዝር ማየት ይህ ጽሑፍ አይበቃውም። መንፈሱ ግን ይመሳሰላል። ካናዳ ከቋሚ ነዋሪዋ በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን እዚያ መኖሩን ትጠይቃለች፤ ካርድ ሳይዝ ውጭ የተገኘ ሰው አይሮፕላን ለመሳፈር ከቆንስላዋ የጉዞ ሰነድ ማግኘት አለበት። በጀርመን ከስድስት ወር በላይ ውጭ የቆየ ሰው የቋሚነት ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሻርበታል፤ በእንግሊዝ ገደቡ ሁለት ዓመት ነው። በእንግሊዝ ግን ካርዱ ቀርቶ ፈቃዱ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ስለ ገባ፥ አዲስ ፓስፖርት ያወጣ ሰው ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ ካላስተካከለ አየር መንገዱ ፈቃዱን ላያገኝለት ይችላል። ወደ ሳውዲ የሚመለሱት በኢቃማ የሚኖሩ ሠራተኞች ናቸውና በቋሚ ነዋሪነት አይቆጠሩም፤ የሚያስመልሳቸው የመውጫና የመመለሻ ቪዛቸው ቀን ነው።

በጥገኝነት ገብቶ በኋላ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያሻዋል። እሱ የሚጓዝበት ተገቢው ሰነድ፥ በ1951 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ በወጣው የስደተኞች ስምምነት መሠረት የሚሰጠው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው፤ የአሜሪካው ላንድ ዓመት ያገለግላል። ከሸሸው መንግሥት ፓስፖርት አውጥቶ ወደዚያው አገር መመላለሱ «ፍርሃትህ እውነት ነበርን» የሚል ጥያቄ ሊያስነሣበት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከጓደኛ ምክር ይልቅ የጠበቃ ምክር ያስፈልገዋል።

ዜግነቱን የለወጠው ከዚህ ሁሉ ወጥቷል። በዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቀኑ ባያልፍም በቀድሞው ፓስፖርቱ መጓዝ አይገባውም። በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ አለ፤ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው። በዚህ ካርድ ያለ ቪዛ ይገባል፥ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በሞጣ ገበያ ሁለቱ ካርዶች፥ ቢጫውና አረንጓዴው፥ አንድ ነገር እንደ ሆኑ ሲወራ ሰምተናል። አንደኛው ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባ፥ ሁለተኛው ወደ አሜሪካ የሚያስመልስ ነው።

በመጨረሻ፥ ለእርግዝናዋ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ቢቸና የወለደች ቋሚ ነዋሪ እናት ልጇን በምን ይዛ ትመለሳለች የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። የአሜሪካ ደንብ ለዚህ መንገድ አዘጋጅቷል። ልጁ ሁለት ዓመት ካልሞላው፥ እናቱም ከወለደችው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመለስ አብሯት ከሆነና የራሷ ሰነድ የጸና ከሆነ፥ ያለ ኢሚግራንት ቪዛ ይገባል። ሁለተኛ ጉዞ ላይ ግን ይህ ዕድል የለም። ከቦሌ ለመውጣት ልጁ የራሱ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ለፓስፖርቱም የልደት የምስክር ወረቀት። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ልደት የሚመዘገበው በቀበሌ ስለ ሆነ፥ እናትየዋ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ወደ ቢቸና ከመመለስ፥ አራስነቷ እንዳለፈ እዚያው ቀበሌ ሄዳ ብታስመዘግበው ይቀላታል። የሷ የዓመት ገደብ የሚቆጠረው ግን ከአሜሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ነው፤ በወሊዱ ምክንያት አይራዘምላትም።